አኩፋዳውን ማን ይሙላው? የክህነት ተማሪዎችን በማሳደግ ረገድ የእኛና የባሕር ማዶ ወንድሞቻችን ድርሻ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቁምስና ከቅዳሴ በኋላ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። ጉዳዩ አጭር ነበር፤ ይኸውም ለዘርአ ክህነት ተማሪዎች ቀለብ የሚሆን መዋጮ በዓመት አንድ ጊዜ፣ መከር በገባ ማግስት፣ እንዲሰበሰብ ለመወሰን ነበር። ብዙዎች ዝም አሉ። በመጨረሻ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «አባ፣ እኛ እኮ ንፉጎች አይደለንም። ነገር ግን የእነዚህን ልጆች ቀለብ ከባሕር ማዶ የሚልኩ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ የተከፈለ ዕዳ ሁለተኛ ይከፈላልን?» አሉ። ሕዝቡም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። መዋጮው በዚያ ዕለት ሳይወሰን ቀረ።

እኛም በዚያ ዕለት መልስ አልሰጠንም። መልስ ያጣነው ጥያቄው ከባድ ስለነበረ ብቻ አልነበረም፤ እኛ ራሳችን ከልጅነታችን ጀምሮ ፊታቸውን ባላየናቸው ሰዎች ገንዘብ የተማርን በመሆናችን ሽማግሌው ያነሡት ነገር የገዛ ሕይወታችንን ስለነካው ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነገሩን ደጋግመን አሰላስለነዋል። ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ ለማቅረብ የተነሣነውም ያኔ ልንሰጠው ሲገባን ያልሰጠነውን መልስ ነው።

ጥያቄው ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የሰጪው ፊት ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ሌሎችንም ሰብከናል። ሁለተኛው የተቀባዩ ፊት ነው፤ ስለዚህኛው ግን እምብዛም አይነገርም። መስጠት ምግባር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለመሆኑ መቀበልስ ምግባር አለውን? የሚቀበል ቤተ ክርስቲያን በመቀበሉ ብቻ የሚጣልበት ግዴታ ይኖራልን? ሌላው ሰው ሸክማችንን ሲሸከምልን እኛ ከሸክሙ ነጻ እንወጣለንን?

ነገሩ ምን ያህል ይከብዳል?

አስቀድመን ስለ ሸክሙ ልክ እንነጋገር። በቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት ለክህነት የሚዘጋጅ ወጣት የፍልስፍናና የነገረ መለኮት ትምህርት ብቻ ቢያንስ ስድስት ሙሉ ዓመት መማር አለበት። ከዚህ አስቀድሞ የመንፈሳዊ ዝግጅት ጊዜ አለ፤ በመካከሉም በቁምስና የሚፈጸም የልምምድ ጊዜ ይጨመራል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ተማሪው ይበላል፣ ይለብሳል፣ ይታመማል፣ መጻሕፍት ያስፈልጉታል፣ ብቁ መምህራንም ያስፈልጉታል። አርሶ የሚበላበት መሬት የለውም፤ ነግዶ የሚያተርፍበት ጊዜም የለውም።

በአገራችን ያለነው ካቶሊካውያን ደግሞ ጥቂቶች ነን። በ2007 በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመላው ሕዝብ 0.7 ከመቶ ብቻ ሆነን ተቆጥረናል። አብዛኞቻችንም ኑሮአችን ዝናብን በሚጠብቅ እርሻ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ወጪ ብቻችንን እንሸከመው የሚል ሰው ካለ፣ ልቡ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡን ግን አላሰላም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ ይህ ሸክም ብዙ ትከሻ የሚፈልግ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን እርዳታ መቀበላችን በራሱ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የሚያሳፍር ነገር ቢኖር እንዴት እንደምንቀበለው በሚለው ውስጥ ነው።

ታሪኩ ከየት ይጀምራል?

ብዙዎቻችን ይህ እርዳታ ከአንድ ትልቅ ባለጸጋ ካዝና የሚወጣ ይመስለናል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በ1889 በጃፓን የናጋሳኪ ጳጳስ የነበሩት ፈረንሳዊው አቡነ ኩዛን፣ ካህናት ለመሆን የሚሹ ወጣቶች ቢኖሩአቸውም ማስተማሪያ ገንዘብ በማጣት ሊመልሱአቸው መገደዳቸውን ገልጸው በፈረንሳይ አገር ካን በምትባል ከተማ ለሚኖሩ እናትና ልጅ ጻፉ። እናቲቱ ስቴፋኒ ቢጋር፣ ልጂቱም ዣን ቢጋር ይባላሉ። እነዚህ ሁለት ሴቶች ያንን ደብዳቤ እንደ ጥሪ ቆጠሩት። የራሳቸውን ኑሮ አጥብበው፣ የሌሎችንም ደጅ እየጠኑ፣ የሚስዮን አገሮችን የክህነት ተማሪዎች የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ። ይህ የቅዱስ ጴጥሮስ ሐዋርያ ማኅበር በ1922 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጳጳሳዊ ማኅበር ተባለ። እስከ ዛሬም በአፍሪካ፣ በእስያና በሌሎችም ክፍላተ ዓለም ያሉትን የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤቶች ይረዳል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ጳጳሱ የለመኑት ለሕንፃ ወይም ለአውሮፓውያን ካህናት ስንቅ አልነበረም፤ የአገሩ ልጆች የአገራቸው እረኞች እንዲሆኑ ነበር። ሁለተኛው፣ ሥራው የተጀመረው በነገሥታት ትእዛዝ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥ በሚኖሩ በሁለት ሴቶች ቁርጠኝነት ነው።

ከዚያም በፊት በገዛ አገራችን የሆነውን አንዘንጋ። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ወደ አገራችን ሲመጡ እንደ እንግዳ ለመኖር አልፈለጉም። ልብሳችንን ለበሱ፣ ቋንቋችንን ተማሩ፣ ሥርዓተ አምልኮአችንንም አከበሩ። ከሁሉ አስቀድመው ያሰቡት የአገሩን ተወላጆች ለክህነት ማዘጋጀትን ነበር፤ በዓጋመ ጓላ ላይ ያቋቋሙት የትምህርት ቤት ዓላማም ይኸው ነበር። በዚያ ሥራ የረዱአቸው ደግሞ በሊቅነታቸው የታወቁት የጎጃሙ መነኩሴ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ቅዱሱ በ1851 ክህነት ሰጡአቸው፤ እርሳቸውም በ1855 በእስር እንደ ተንገላቱ ሕይወታቸውን ስለ እምነታቸው ሰጡ። እንግዲህ እናስተውል፤ ከባሕር ማዶ የመጣው አባት ገንዘቡንና ትጋቱን ይዞ መጣ፤ የአገሩ ሊቅ ደግሞ ግእዙን፣ ትርጓሜውን፣ በመጨረሻም ደሙን አመጣ። ከሁለቱ ሰጪው የትኛው ነው? ተቀባዩስ? ለመለየት ያስቸግራል።

ወደ ሮማ ብንሻገርም የምናገኘው ይህንኑ ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለአገራችን ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። በዚያ የኖሩት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። በኅትመቱ ውስጥ ስለ ገባው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ አታሚዎቹ ግእዝ እንደማያነቡ፣ እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸውም የማተምን ጥበብ እንደማያውቁ በቅንነት ተናግረዋል። አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ መጽሐፉ ወጣ። ከመቶ ዓመት በኋላም በ1649 አባ ጎርጎርዮስ በዚያው በሮማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ካቶሊክ አልነበረም፤ ሆኖም ከአባ ጎርጎርዮስ እግር ሥር ተቀምጦ ቋንቋችንንና ታሪካችንን ተማረ፤ አውሮፓም ስለ ኢትዮጵያ ያወቀችውን ብዙ ነገር ያወቀችው ከዚህ ትምህርት በወጡት መጻሕፍት ነው። ያ አሮጌ ቤት በ1919 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ ለክህነት ተማሪዎች ኮሌጅ እንዲሆን ተደረገ፤ ኮሌጁም በኋላ በፒዮስ 11ኛ ዘመን በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ አዲስ ሕንፃ አገኘ። በዚያው በ1919 በነዲክቶስ 15ኛ የወጣው ስለ ሚስዮን ሥራ የሚናገር ሐዋርያዊ መልእክት፣ የየአገሩ ተወላጅ ካህናት ለውጭ አገር ካህናት ረዳቶች ብቻ እንዲሆኑ ሳይሆን ሕዝባቸውን ራሳቸው ለመምራት የሚበቁበትን ሙሉ ትምህርት እንዲያገኙ አጥብቆ አዘዘ።

ሐዋርያው ምን አደረገ?

ታሪክ ምሳሌ ይሰጣል፤ ሕግ የሚሆነን ግን ቅዱስ መጽሐፍ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እንደምናነበው፣ ረኃብ በሆነ ጊዜ ገና በእምነት ጨቅላ የነበረችው የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ለእናቲቱ ለኢየሩሳሌም እርዳታ ላከች። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት በምዕራፍ 8 እና 9 የመቄዶንያን ምእመናን ምሳሌ ያደርጋል። እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ድሆች ነበሩ፤ ቢሆንም በመስጠት ለመሳተፍ እንዲፈቀድላቸው እንደ ጸጋ ለመኑ። ሐዋርያው የድህነታቸውን ነገር አልሸሸገም፤ ድሆች ስለሆኑ አይስጡ ብሎም አልከለከላቸውም። መስጠትን ከድኃ መከልከል ክብሩን መግፈፍ መሆኑን ያውቅ ነበርና።

ነገር ግን በዚያው ስፍራ ሌላ ልብ ሊባል የሚገባው ቃል አለ። ሐዋርያው ስጦታ የሚመዘነው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ፣ ዓላማውም ለአንዱ ዕረፍት ለሌላው ጭንቅ ለመሆን ሳይሆን እኩልነት እንዲሆን መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ዝናብ በቀረበት ዓመት ዘሩን የበላውን ገበሬ አዋጣ ብሎ ማስጨነቅ ክርስቲያናዊ አይደለም። በጠገበበት ዓመት ግን «ሌሎች አሉ» ብሎ እጁን የሚሰበስብ ሰው ከሐዋርያው ቃል ጋር መሟገት ይኖርበታል።

ሦስተኛም ነገር አለ። ጳውሎስ የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም። በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ንጹሕ ሆኖ ለመታየት አብያተ ክርስቲያናት የመረጡአቸውን ሰዎች አብሮ አስከተለ። እንግዲህ የሒሳብ ግልጽነት ዛሬ ከውጭ ድርጅቶች የተማርነው አዲስ ልማድ ሳይሆን ከሐዋርያት የወረስነው ሥርዓት ነው።

የሚያሰጉ ነገሮች

በቅንነት እንነጋገር ካልን፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እርዳታ ያለ አደጋ አይመጣም። ሦስቱን እንጥቀስ።

አንደኛው ስንፍና ነው። እርዳታው ለሕዝቡ ምትክ ሲሆን ሕዝቡ ካህኑን የራሱ ልጅ አድርጎ መቍጠር ይተዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል። ሕዝብ ያላሳደገው ካህን ለሕዝቡ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ይታየዋል፤ ደመወዙን ሌላ ሰው ይከፍለዋልና ጉድለቱም ልማቱም የሌላ ሰው ይመስለዋል።

ሁለተኛው የአእምሮ ስደት ነው። ተማሪው የሚያነበው መጽሐፍ፣ የሚያየው ሥዕል፣ የሚበላው ምግብ እንኳ ከተወለደበት ቤት እየራቀ ከሄደ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ እንግዳ ሆኖ ይመለሳል። ለከፍተኛ ትምህርት ተልከው በዚያው የቀሩም አሉ። እኛ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም፤ የእያንዳንዱን ሰው ምክንያት እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን በተላኩበት ጊዜ የተሸኙት በሕዝባቸው እጅና ምርቃት ቢሆን ኖሮ መመለሻው መንገድ ይቀልላቸው ነበር ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው የእውነት መጓደል ነው። ተቀባይ ሰጪን ለማስደሰት ሲል ራሱን ከሆነው በላይ ድኃ፣ ሥራውንም ከሆነው በላይ ፍሬያማ አድርጎ ለማሳየት ይፈተናል። በዚህ ረገድ የራሳችንን በደል መናዘዝ ይገባናል።

የዘርአ ክህነት ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ በየዓመቱ ለገና በዓል ለረዳቶቻችን የምስጋና ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። የደብዳቤው መልክ በሰሌዳ ላይ ይጻፍልን ነበር፤ እኛም ስም ብቻ እየለወጥን እንገለብጠዋለን። አንድ ዓመት ግን ከሌሎች ለመብለጥ ፈልገን፣ በቤታችን የሚበላ እንደሌለ፣ እናታችንም አልጋ ላይ እንደዋሉ ጨምረን ጻፍን። እናታችን በዚያን ጊዜ ደኅና ነበሩ፤ በየሳምንቱም ገበያ ይወጡ ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ካህናት ሆነን ለትምህርት አውሮፓ በነበርንበት ጊዜ፣ ያንን እርዳታ ስትልክ የኖረችውን ሴት ለመጎብኘት ዕድል አገኘን። ባለጸጋ ሴት እናገኛለን ብለን ነበር የሄድነው። ያገኘናት ግን በልብስ ንጽሕና ቤት ስትሠራ ዕድሜዋን የፈጸመች፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምትኖር አሮጊት ነበረች። ደብዳቤዎቻችንን ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። ያችንኛይቱን ደብዳቤ አወጣችና፣ «ልጄ፣ እናትህ ታመዋል ብለህ ከጻፍክልኝ ጀምሮ በየማታው ስለ እርሳቸው እጸልያለሁ። ነገር ግን ስማቸውን አልጻፍክልኝም ነበር፤ እስከ ዛሬ ያለ ስም ነው የጸለይኩላቸው። ማን ይባላሉ?» አለችን።

ስማቸውን ነገርናት። እውነቱን ግን በዚያ ሰዓት ለመናገር ድፍረት አጣን፤ አገራችን ከተመለስን በኋላ ነው ጽፈን ይቅርታ የጠየቅናት። መልሷ ሁለት መስመር ነበር፤ ይቅር እንዳለችን፣ ጸሎቱንም እንደማታቋርጥ ነገረችን። ያቺ ሴት የፈለገችው ድህነታችንን ማየት አልነበረም፤ የእናታችንን ስም ማወቅ ነበር። እኛ ግን እርስዋን እንደ ገንዘብ ምንጭ አይተን፣ ከእኛ ልትቀበለው የምትችለውን ብቸኛ ነገር፣ እውነትን፣ ነፈግናት። መቀበል ምግባር አለውን ብለን ላነሣነው ጥያቄ መልሱን ያገኘነው በዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ተቀባይ ለሰጪው እውነትን ይበደራል፤ ዕዳው ካልተከፈለም ወዳጅነቱ ልመና ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የቆሎ ተማሪ ትምህርት

ይህን ሁሉ የምናስተካክልበት ጥበብ ከሩቅ አገር መምጣት አያስፈልገውም። በአገራችን ለመንፈሳዊ አገልግሎት የሚዘጋጁትን ወጣቶች የማሳደግ ጥንታዊ ሥርዓት አለ። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል። አንዷ እናት ጥሬ ትሰጠዋለች፤ ሌላይቱ የእንጀራ ቍራሽ፤ ሦስተኛይቱም እግዚአብሔር ይስጥህ ብላ ትሸኘዋለች። ማታ በጎጆው ከባልንጀሮቹ ጋር ያገኘውን ይካፈላል፤ ከዚያም ወደ የኔታ ሄዶ ይማራል። ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ሊቃውንቶቻቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት ያፈሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም ያደጉት በዚሁ የአብነት ትምህርት ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለውን የሞራል ጥበብ እንመርምር። አኩፋዳው የሚሞላው ከአንድ ቤት አይደለም፤ ከብዙ ቤት ነው። ስለዚህም ተማሪው ለማንም ባሪያ አይሆንም፤ የሁሉም ባለዕዳ ግን ይሆናል። ለአንድ ሰው ብቻ ባለዕዳ የሆነ ሰው ያንን ሰው ይፈራል፤ ለሁሉ ባለዕዳ የሆነ ግን ሁሉን ያገለግላል። የሰጠችውም እናት ቍራሽዋን ስለ ሰጠች «ይህ ተማሪ የኔ ነው» አትልም። ሆኖም አድጎ መምህር ሲሆን ቃሉን የምትሰማው እንደ ልጅዋ ቃል ነው፤ እንጀራዋ በእርሱ ውስጥ አለና።

እንግዲህ የዛሬውን የዘርአ ክህነት ተማሪ አኩፋዳ በዚህ ዓይን እንየው። በባሕር ማዶ ያለችው አሮጊት ድርሻዋን ጨምራለች። ሌላም የማናውቀው ሰው ጨምሯል። የጎደለው ከትውልድ መንደሩ ቤቶች የሚወጣው ቍራሽ ነው። የሽማግሌው ጥያቄ «የተከፈለ ዕዳ ሁለተኛ ይከፈላልን?» የሚል ነበር። መልሳችን እንዲህ ነው፤ የተከፈለው የእርስዋ ድርሻ ነው፤ የእኛ ግን ገና አልተከፈለም። የእርስዋ ስጦታ ተማሪውን ይመግበዋል፤ የእኛ ልጅ ሊያደርገው ግን አይችልም። ይህን ማድረግ የምንችለው እኛ ብቻ ነን።

ሌላም ምክንያት እንጨምር። የቅዱስ ጴጥሮስ ሐዋርያ ማኅበር ገንዘብ ለእኛ ብቻ የተቀመጠ ሳይሆን በዓለም ላሉ ችግረኛ ሀገረ ስብከቶች ሁሉ የሚከፋፈል ነው። እኛ በአንድ ቁና ገብስ የምንሸፍነው ወጪ በሌላ አገር ላለ፣ ከእኛ ይልቅ ለተቸገረ ተማሪ ይተርፋል። በ1926 በተደነገገውና በየዓመቱ በጥቅምት ወር በሚከበረው የዓለም የሚስዮን እሑድ የሚሰበሰበው መባም እንዲሁ ነው፤ በድሆች ቁምስናዎችም ጭምር ይሰበሰባል። እንዲህ ከሆነ እኛ ተቀባዮች ብቻ አይደለንም። በገጠራችን ወንፈል የሚባለው ሥርዓት አለ፤ ዛሬ በእኔ እርሻ ትውላለህ፣ ነገ በአንተ እርሻ እውላለሁ። በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው ወዳጅነትም ወንፈል እንጂ ምጽዋት ብቻ ሊሆን አይገባውም።

የወንፈሉም ተራ እየደረሰ ነው። ቀድሞ ካህናትን ወደ እኛ ይልኩ በነበሩት የአውሮፓ አገሮች የካህናት ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ፣ በአፍሪካ ግን እየጨመረ መምጣቱ የታወቀ ነው። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ቁምስናዎች መሥዋዕት የሚያሳርጉ አፍሪካውያን ካህናት አሉ። ያቺን አሮጊት የመሰሉ ሰዎች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አንቀላፍተዋል። በእነርሱ ትከሻ ላይ የነበረው ሸክም ወደ ማን ይተላለፋል? ይህን ጥያቄ እርዳታው ከተቋረጠ በኋላ ሳይሆን ዛሬ፣ ገና እጃቸው ተዘርግቶ ሳለ፣ ልንመልሰው ይገባል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የመጀመሪያው፣ ባለን መጠን መስጠት ነው። ጥሪን የመንከባከብ ኃላፊነት የጳጳሱ ወይም የካህኑ ብቻ ሳይሆን የመላው የክርስቲያን ማኅበረሰብ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ይደነግጋል። እህል ያለው እህል፣ ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ ምንም የሌለው ጸሎት ይስጥ። የአንድ ቤት ጣሳ ቆሎ የትምህርት ቤቱን በጀት አይሞላም፤ የተማሪውን ልብ ግን ይሞላል።

ሁለተኛው፣ እውነትን መናገር ነው። ካህናት የሆንን ሁሉ የተቀበልነውን ገንዘብ ሒሳብ ለሰጪው ብቻ ሳይሆን ለምእመናንም ልንገልጽ ይገባናል። ሽማግሌው ከባሕር ማዶ እርዳታ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ ምን ያህል እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚጎድል ግን ማንም አልነገራቸውም። ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የእኛም ነበር። ሒሳቡን የማያውቅ ሕዝብ ሸክሙን ሊሸከም አይችልም።

ሦስተኛው፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን አለመርሳት ነው። እናንተ በየመንደሩ ሕፃናትን የምታስተምሩ፣ ካህን በሌለበት እሑድ ሕዝቡን ለጸሎት የምትሰበስቡ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ደመወዝ ወይም በኢምንት ድጎማ ትሠራላችሁ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2021 የትምህርተ ክርስቶስ መምህርነትን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የታወቀ አገልግሎት እንዲሆን ደንግገዋል። ስለዚህ የአገልጋዮች ሥልጠና ስንል የካህናትን ብቻ ማለታችን አይደለም። ከባሕር ማዶ ያሉ ወዳጆቻችን ስለ ዘርአ ክህነት ሲጠይቁን ስለ እናንተም ልንነግራቸው ይገባል፤ እኛም አኩፋዳውን ስንሞላ የእናንተን ድርሻ ልናስብ ይገባናል።

አራተኛው፣ ለረዳቶቻችን መጸለይ ነው፤ ያውም በስም። ቁምስናችሁ ከባሕር ማዶ ካለ ቁምስና ጋር ወዳጅነት ካለው፣ የታመሙባቸውንና የሞቱባቸውን ሰዎች ስም ጠይቁአቸውና በቅዳሴ አስቡአቸው። የእናንተንም ስም ላኩላቸው።

ያቺ ሴት ካረፈች እነሆ ዓመታት ሆኑ። እናታችንም እንዲሁ አርፈዋል። ሁለቱ በዚህ ዓለም አልተያዩም፤ በየማታው ጸሎት ግን አንዲቱ የሌላይቱን ስም ትጠራ ነበር። የቅዱሳን ኅብረት ማለት ይህ ነው ብለን እናስተምራለን፤ እኛ ግን አስቀድመን ያየነው በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

መጪው መከር ሲገባ ወደዚያ ቁምስና እንመለሳለን። በዚህ ጊዜ የሒሳቡን ወረቀት ይዘን እንሄዳለን፤ ሽማግሌውም በሕይወት ካሉ መጀመሪያ የምናነብበው ለእርሳቸው ነው። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የሕዝቡ ይሆናል። እናንተም በየቁምስናችሁ ይህንኑ እንድትመክሩበት አደራ እንላለን።

ለመስጠት ፈቃዱን፣ ለመቀበልም ትሕትናውን የሚያድል እግዚአብሔር አብ ሁላችንን ይባርክ። አሜን።